የዐቃቤ ሕጉ ምሳ ዕቃ

ማሞቂያውን ቀነስ አድርገውማ፣ ቅቤው ሊቀልጥ ነው። ይኸው ጭኔ ላይ ይዤው ሽታው በክዳኑ ዙሪያ እየወጣ ነው። ለጋ ቅቤ፣ ጤና አዳም ጣል የተደረገበት፣ ከሥሩ ደግሞ ያረጀ አሉሚኒየም። ይሄ ሽታ ሲመጣብኝ እኔ እዚህ መኪና ውስጥ አይደለሁም። ክሪስታል ከተማ፣ የድሮው አፓርትመንታችን ኮሪደር ላይ ነኝ። ምንጣፉ የስንት ቤት ወጥ ይሸታል፣ አምፖሉ ይርገበገባል፣ አባባ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ አጠገቤ ቆሟል።

አንተ ንዳ፣ እኔ ላውራ። ቅድም ስንወጣ «ለምን ደውለን ለእትዬ አንነግራትም?» ብለህ በእንግሊዝኛህ ስታጣድፈኝ ዝም ያልኩህ እማዬ እንዳትሰማ ነው። ሞት በስልክ አይነገርም፣ ወንድሜ። ቤት ድረስ ተሂዶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው የሚነገረው። እትዬ የልብ ኦፕራሲዮን አድርጋ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ልጇ «እባካችሁ፣ እስክትጠነክር» ብሎ ለመነን። እኛም እሺ አልን። አባባን ቀበርን፣ ድንኳን የለ ምን የለ ሳሎናችን ውስጥ ሰው ሲያለቅስ ከረመ፣ አርባውም እየደረሰ ነው፤ እስዋ ግን እስካሁን አታውቅም። ትናንት ልጇ «አሁን ትችላለች» ብሎ ደወለ። እማዬ ወዲያው ይቺን ምሳ ዕቃ ከፍሪጅ አውጥታ ሰጠችኝ። «እኔ ካየኋት በር ላይ ነው የምወድቀው፣ እናንተ ሂዱ» አለች። ደግሞ «ጥቁር እንዳትለብሱ፣ ገና ሳትቀመጥ እንዳትደነግጥ» አለች። ለዚህ ነው ይሄን ቀይ ካፖርት ያጠለቅኩት። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ የአባቷ አርባ እንኳ ገና ሳይወጣ ምን ነካት ይላል።

እትዬ ለአንተ ኩን ራፒድስ ያለች፣ ጉንጭህን የምትቆነጥጥ ባልቴት ናት። የሥጋ ዘመዳችን እየመሰለችህ ነው ያደግከው። አይደለችም። እንዴት የኛ እንደሆነች ማወቅ አለብህ፤ ምክንያቱም ሰበቡ አንተ ነህ። ነገሩ ሁሉ የሆነው አንተ በተወለድክበት ሳምንት ነው፤ አንተ ግን ከማልቀስ በቀር ምንም አልሠራህም።

አባባን አንተ የምታውቀው በሰማያዊ ጃኬት፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ፣ ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፋ ነው። እኔ ያገኘሁት አባባ ሌላ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ መንግሥትን ወክሎ ሰው የሚከስ። ያልዞረበት አገር የለም። ወልዲያ፣ ጎባ፣ መቱ፣ አርባ ምንጭ፤ ሌሎቹን አሁን እኔም ዘነጋኋቸው። አንዱን ከተማ ለመድኩት፣ የምጫወትባትን ልጅ አገኘሁ ስል ዝውውር ይመጣል። አይሱዙ ይቆማል፣ አልጋው ይፈታል፣ እማዬ ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ ትጠቀልላለች፣ እኔ ጋቢና ውስጥ መሐል እቀመጣለሁ። የናፍጣው ሽታ ከአቧራው ጋር ተደባልቆ እስከ ዛሬ አለ። የሰፈሩ ሴቶች በየአጥራቸው ውስጥ ሆነው ያዩናል። አንዳቸውም መጥተው እማዬን አቅፈው አይሸኟትም። ጠልተዋት አይደለም። ቤታችንን አያውቁትም።

የአባባ ሕግ አንድ ነበረች። በሚሠራበት ከተማ ከሰው ቤት አይበላም፤ ከሰው ቤት የመጣም ቤቱ አይገባም። አለቀ። ሰርግ ሲጠራ ይሄዳል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል፣ ቆሞ ይመለሳል። ለቅሶ ይደርሳል፣ ንፍሮ አይቀምስም። አንድ በዓል ላይ ማን እንደላከው ያልታወቀ በግ በራችን ላይ ታስሮ ቢያገኝ ፈትቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው በገበያው መሐል እየጎተተ ወስዶ ፖሊስ ጣቢያ አስረከበው። ወደ ገጠር ለችሎት ሲወጣ ደግሞ ይቺን ምሳ ዕቃ ይዞ ነው። ድርቆሽ አንዳንዴም በሶ ይሞላባታል፣ ክዳኗን በሽቦ ያስራታል፣ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይበላል። የአገሩ ልጆች ሲያዩት «ዐቃቤ ሕጉና ሚስቱ» ይሉ ነበር፤ ሚስቱ ይቺ ዕቃ መሆኗ ነው። እማዬ ይሄን ስትሰማ ሳቀች። ቆየት ብላ ግን ተናደደች።

መቱ እያለን፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ የጎረቤት ሴትዮ እጄን ይዛ ቆሎ አስጨበጠችኝ። ትኩስ ነው፣ ሱፍ አለበት፣ መዳፌን ያሞቀኛል። ቤት ስገባ አባባ በርከክ ብሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቸው። አልተቆጣኝም። እሱ እኮ ተቆጥቶኝ አያውቅም። «የኔ ልጅ፣ ቆሎው ምንም አላጠፋም። ሴትዮዋም አላጠፋችም። ግን የሚበላውን እኛው ቤት እንፈልግ» አለኝ። ከዚያ እጄን ይዞኝ ሄድን፣ ቆሎውን ለሴትዮዋ አስመለሰኝ። ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። አፍሬ ሞትኩ። ስንመለስ ራሱ ስንዴ ቆላልኝ፤ ግማሹን አሳረረው።

ደረቅ ነው ብለህ እንዳትፈርድበት። ምክንያቱን ትልቅ ሆኜ ነው የነገረኝ። ዊልቸር ሲገፋ ውሎ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነበር። ወልዲያ፣ የመጀመሪያ ምድቡ ላይ፣ ወጣት ነበር፣ ማንንም አያውቅም። አንድ ነጋዴ ቤቱ ጠርቶ ምሳ አበላው። ምንም አልጠየቀውም፣ ማብላት ብቻ። በኋላ ያው ሰውዬ በገበያ ቀን ተጣልቶ ሰው ደብድቦ ፋይሉ አባባ ጠረጴዛ ላይ መጣ። «ችሎት ቆሞ ሲያየኝ ያ ምሳ ጉሮሮዬ ላይ መጣብኝ» አለኝ። «አብልቶታል እንዳልባል ብዬ ከሚገባው በላይ ቅጣት ጠየቅኩበት። ዳኛውም ተቀበሉኝ። ያን ምሳ ባልበላ ኖሮ ሰውዬው ቀደም ብሎ ልጆቹ ጋ ይገባ ነበር።» ይሄን ሲለኝ ውሃው ቀዝቅዞ ነበር፤ እግሩን ግን አላወጣውም።

እንግዲህ ይሄ ሕጉ ማን ላይ ከበደ ብትለኝ እማዬ ላይ ነው። እኔን የወለደችው ጎባ ነው። የጎባን ብርድ አንተ በሚኒሶታ አትለካው፤ እዚያ ማሞቂያ የለም። ሴት ስትወልድ ቤቱ በሴት ይሞላል፣ አንዷ ታገነፋለች፣ አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ አራሷን ታስቃለች። እኛ ቤት አባባ ብቻ ነበር። አስበው፤ ቀን ከረባት አስሮ ሲከራከር የዋለ ሰው ማታ ማማሰያ ጨብጦ ከድስት ጋር ይታገላል። ገንፎው ዱቄት ይቋጥራል። እማዬ ዱቄቱን እያፈረጠች ትበላዋለች፣ ደግ ነው ትላለች። ከዚያም ዘወር ብላ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ያጽናናት የነበረው «አንድ ቀን ከሥራው ይወጣል» የሚል ሐሳብ ነበር።

ፍሪድሊ ገባን መሰለኝ። አዎ፣ ያ የኔ ፋብሪካ ነው፤ ነገ የጠዋት ሺፍት አለኝ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑን ይዘህ ወደ ላይ ቀጥ በል።

ዲቪ ደረሰንና መጣን። እማዬ ያኔ ደስታዋን ብታይ። እዚህ አባባ ማንንም አይከስም፣ ማንም አይፈራውም፣ አሁን ሰው ይኖረኛል ብላ ነበር። አባባ ግን ልማዱን ሻንጣ ውስጥ ከቶ መጣ። አበሻ ባየ ቁጥር ገና ሰላምታው ሳያልቅ «አገርህ ወዴት ነው?» ይላል። የማያውቅ ሰው ናፍቆት ይመስለዋል። ወልዲያ ካለው፣ ጎባ ካለው፣ አባባ ፈገግ ብሎ እጁን ይጨብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ግን አታገኘውም። ፋይሉ በእጄ አልፎ ይሆናል፣ ወይ የወንድሙ፣ ወይ የአጎቱ ይላል። የሠራበት ከተማ ደግሞ ስንት ነው! ሚኒያፖሊስን ከሞላው አበሻ ውስጥ ከእሱ ሕግ የሚተርፍ ሰው ጠፋ። እማዬ አንዴ የሐረር ሴት አገኘችና፣ አባባ ሐረር አልሠራምና፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሴትዮዋ ብዙም ሳትቆይ ቴክሳስ ገባች።

ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሰርግ ሲኖር አባባ ይቺን ዕቃ ይዞ ይመጣ ነበር። እውነቴን ነው! ሰው ቡፌ ሲሰለፍ እሱ ጥግ ይዞ ሽቦዋን ይፈታል። እኔ ያኔ አሥራዎቹ ውስጥ ልገባ ነው፤ ጠረጴዛው ሥር ብገባ በወደድኩ። የክፍሌ ልጆች «አባትሽ ስኳር አለበት?» ይሉኛል። አዎ እላለሁ።

ከዚያ አንተ መጣህ። እማዬ በስተርጅና ነበር ያረገዘችህ፣ እኔንም ሐኪሙንም አስደንግጣ። ክረምት ነበር፣ በረዶው የመኪናውን ጎማ ውጦታል። በኦፕራሲዮን ወለደችህ። ከሆስፒታል ስትመጣ ደረጃውን እየወጣች ከንፈሯ ነጭ ነበር። አባባ ፈቃድ ወስዶ ገንፎውን ጀመረ። ያንኑ ገንፎ፣ ዱቄት የቋጠረውን።

ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች ድስት በፎጣ ጠቅልለው መጡ። አባባ በር ላይ አመሰገናቸው፣ አገራቸውን ጠየቀ፣ ድስቱን ይዘው ተመለሱ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማች። ጡቷ ወተት አላወጣ አለ። አንተ ይዘህ ትጎትታለህ፣ ትለቃለህ፣ ታለቅሳለህ። ሆስፒታል የሰጡንን የዱቄት ወተት ሲሰጡህ ትተፋዋለህ። ያ ልቅሶህ፣ እኔን፣ እየቀጠነ ነበር የሚሄደው። ነርሷ መጥታ መዘነችህና ፊቷ ተለወጠ። ነገ ካልተሻለው መልሳችሁ አምጡት አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከፊት ለፊታችን ያለው አፓርትመንት ሴትዮ ናት፤ ያኔ ገና እትዬ አላልናትም። ላውንደሪ ክፍል ውስጥ አይቻት አውቃለሁ፤ ረጅም ቀሚስ፣ ትከሻዋ ላይ የወረደ ሻርፕ፣ ከልጇ ጋር ኦሮምኛ የምታወራ። ትልቅ ሳህን በሁለት እጇ ይዛለች። ፕላስቲኩ በእንፋሎት ጭጋግ ሆኗል፣ ከሥሩ ቅቤው ይታያል። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው።

«አራስ አለች አሉ። ማርቃ ነው፣ እናንተ ገንፎ የምትሉት» አለች። «ሥጋ አይደለም፣ ሃይማኖት አይለየውም።»

አባባ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ከዚያ ያቺን ጥያቄውን ጠየቀ። «አገርዎ ወዴት ነው?»

«ባሌ ነው። ጎባ።»

አባባ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ይቅር ይበሉኝ። አልችልም» አለና በሩን በቀስታ ዘጋው። እስዋ ከበሩ ወዲያ ትንሽ ቆማ እንደነበረ እግሯን ሰምቼ አውቃለሁ።

ያኔ ነው እማዬ የተናገረችው። ጮክ ብላ አይደለም፤ ጉልበቱም አልነበራት። «ማንን ነው እዚህ የምትከሰው?» አለችው። «እስቲ ንገረኝ፣ ማንን? አንተ እኮ ዊልቸር ነው የምትገፋው። ስንት ከተማ ይዘኸኝ ስትዞር አንድም ቀን እምቢ አላልኩህም። አንድም ሴት ግን ቤቴን አታውቀውም። አሁን ልጄ እየሞተ ነው፣ በሬን የምታንኳኳ ሴት አገኘሁ፣ አንተ አገሯን ትጠይቅልኛለህ።» ገንፎውን ሲያቀርብላት ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷ እኮ ከአባባ ፊቷን አዙራ አታውቅም።

አባባ ወጥ ቤት ገብቶ ቆመ። ድስቱን አየ። ዱቄት ያለበትን ማማሰያ አየ። እኔ አንተን ይዤ እያወዛወዝኩህ ነው፣ ክብደትህ እንደ ባዶ ፎጣ ነው። አባባ ሳልጠብቀው ካውያውን አወጣ። ነጭ ሸሚዙን ተኮሰ። ለበሰው፣ ኮፍያውን አደረገ። ቁም ሳጥን ላይ ያለችውን ምሳ ዕቃ አውርዶ አጠባት፣ አደረቃት። አንተን እማዬ አጠገብ አስተኛህና እጄን ያዘኝ። «ወዴት ነው?» አልኩት። «ምስክር ትሆኚኛለሽ» አለኝ።

ከኛ በር እስከ እስዋ በር ስንት እርምጃ ሆኖ ነው። አባባ ግን ቶሎ አላንኳኳም። አምፖሉ ይርገበገባል፣ የሆነ ቤት ቴሌቪዥን ይጮኻል። በመጨረሻ አንኳኳ። ስትከፍት በኦሮምኛ ሰላም አላት፤ ጎባ እያለ የተማረውን፣ ረጅሙን፣ ስለ ከብቱም ስለ ልጁም የሚጠይቀውን ሰላምታ። እስዋ በአማርኛ መለሰችለት።

«አውቅዎታለሁ እኮ» አለችው። «ዕቃችሁን ያወረዳችሁ ቀን ነው ያወቅኩዎ። ዐቃቤ ሕጉ። ወንድሜን የከሰሱት።»

የአባባ ጣት እጄ ላይ ጠበቀ። «ጥፋተኛ አልነበረም ነው የሚሉኝ?» አላት። ድምፁ የድሮ ድምፁ ነበር፣ የፍርድ ቤቱ።

«ኧረ አጥፍቷል። ሰርቋል፣ ታስሯል፣ ጨርሶ ወጥቷል፣ ይኸው ወልዶ ከብዶ ይኖራል። እኔ የእሱን ነገር አላነሳሁም።» ዐይኗ እኔ ላይ መጣ። «ይቺ ናት ያኔ የተወለደችው?»

አባባ አዎ አለ።

«እናቴ ለሚስትዎ ቅቤ ይዛ መጥታ ነበር። የወንድሜ ፍርድ አልቆ ነበር ያኔ። ምንም የምትለምነው አልነበራትም። ዝናብ ነበር፣ እርስዎ ከበር መለሷት። ቅቤውን ይዛ እስከ ቤት መጣች። እስክትሞት ድረስ ያንን ነበር የምታነሳው። ስለ ልጇ አይደለም። ‹አራስ ናት ብዬ ነበር እኮ፤ ሰውዬው ምን አስቦኝ ነው?› ትል ነበር።»

አባባ ኮፍያውን አወለቀ። «ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር» አለ። «በትር ይዘው ነበር። ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር።» ለካ አልረሳቸውም። ስንት ከተማ ሲዞር ያቺን አሮጊት በሐሳቡ ይዟት ሲዞር ኖሯል።

«ታዲያ?» አለችው።

ወንድሜ፣ አባባ ዕድሜውን ሙሉ ችሎት ቆሞ ሌላ ሰው ይሄን ቃል እስኪል ሲጠብቅ ነው የኖረው። አንዳንዱ ይላል፣ አንዳንዱ ይክዳል፣ አንዳንዱ ጠበቃውን ያያል። እሱ ማንንም አላየም። «ጥፋተኛ ነኝ» አለ። ምክንያት አልጨመረበትም። ስለ ወልዲያው ነጋዴ አላወራም። ዕቃዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ ባዶዋን፣ ቆመ።

እኔ እዚያ ቆሜ የማስበው ስለ አንተ ነበር። በሩን ትዘጋዋለች፣ ይሄ ልጅ ይሞትብናል እያልኩ ነበር። ብትዘጋውም እኮ የሚፈርድባት የለም።

«ግባ» አለችው። «ቆመህ አታውራ። ልጅቷንም አስገባት።»

ሳህኑ ምድጃዋ ላይ በፎጣ ተሸፍኖ ነበር፤ አልበላችውም፣ አልደፋችውም። አሞቀችውና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አባባ ዕቃዋን ሲዘረጋ አልተቀበለችውም። «መጀመሪያ አንተ ትበላለህ። እዚሁ፣ እኔ ቤት፣ እያየሁህ» አለችው። አባባ እጁን ታጠበ። ከዳር ቆረሰ፣ መሐል ያለው ቅቤ ውስጥ ነከረ፣ ጎረሰ። በሰው ቤት ሲበላ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ማኘክ የረሳ ይመስል ነበር። ከዚያ ደገመው። ዐይኑ እንባ ሞላ፤ በርበሬው ነው እንዳልል ማርቃው በርበሬ አልነበረውም።

እስዋ ከፍሪጅ ሌላ ቅቤ አወጣች፣ ለጋ። በሦስት ጣቷ ቆነጠረች። «እናቴ ብትሆን እንዲህ ነበር የምታደርገው» አለችና ከአባባ ጀርባ መጥታ አናቱ ላይ አደረገችለት። ሽበት ገና ጀምሮት ነበር። አባባ አንገቱን ደፋላት። በኦሮምኛ የሆነ ምርቃት አነበነበች፤ እሱ «አሜን፣ አሜን» ይላል። ቅቤው ቀልጦ በግንባሩ ወርዶ የተተኮሰው ሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም። ከዚያ ዕቃዋን እስክትተፋ ሞላችልን።

እማዬ ሽታው ነው ያዞራት። ገና በሩን ስንከፍት ከግድግዳው ዞረች። አባባን ከአናቱ እስከ ኮሌታው አየችው። ተነስታ ተቀመጠች፣ ጨርሳ በላች፣ ጣቷንም ላሰች። እትዬም ከኋላችን ተከትላ ገባች፤ ያለ ግብዣ። ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋው ላይ ወጣች፣ የእማዬን ጀርባ በቅቤ ማሸት ጀመረች። ሁለቱም ሲያወሩ ሲያለቅሱ አመሹ፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት አንተ ዝም አልክ። ዝምታህ አስደነገጠኝና ሮጥኩ። ጡት አፍህ ውስጥ ነበር፣ ወተቱ በአገጭህ ይወርዳል፤ እማዬ ተኝታ ትስቃለች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። ዕቃ ወደ ሰው ቤት ባዶውን አይመለስም፤ እማዬ ዳቦ ሞልታ መለሰችላት፣ እትዬ ጭኮ ሞልታ ላከችልን፣ እንዲህ እያለ ስንት ዓመት። የማን ዕቃ እንደነበረች ራሱ ጠፋብን። እትዬ ልጇ ጋ ኩን ራፒድስ ስትገባ አባባ ራሱ ድራይቭ እያደረገ ያደርስላት ነበር፤ ዐይኑ ሲደክም አውቶቡስ፣ በኋላም እኔ። አባባ አገር መጠየቁን አልተወም። ግን ሰውዬው ወልዲያ ሲለው፣ መቱ ሲለው፣ «እንግዲያው ቤትህ መጥቼ መብላት አለብኝ» ይላል። ይሄዳልም! ለቀብሩ ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ ብለህ ጠይቀኸኝ አልነበር? በየከተማው ሳይበላላቸው የቀረባቸው ሰዎች ናቸው። እዚህ በላላቸው።

ይሄን ቅቤ የሞላው እሱ ነው። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት፣ ቆሞ መራመድ እያቃተው፣ ሱቅ ውሰጂኝ አለኝ። ለጋውን መረጠ፣ እያሸተተ፤ ባለ ሱቁን አሰለቸው። ቤት መጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበው፣ ጤና አዳሙን ጣል አደረገበት፣ ሽቦዋን አሰረ። እትዬ ለካ በዚያው ሰሞን ሌላ ሆስፒታል ገብታለች፤ የአንዱን መታመም ለሌላው አልነገርንም። መጨረሻው ላይ ቃል ሲያጥረው እንኳ እማዬን ሲያይ «ዕቃዋ ደረሰች?» ይላት ነበር። እማዬ «ደርሳለች» አለችው። እማዬ ከዚያ በፊት ውሸት ተናግራ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር ታያታለች።

ደረስን። እዚህ ጋ፣ ዛፉ ሥር አቁም። ሞተሩን ትንሽ አቆየው።

አየሃት? ሁለተኛ ፎቅ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ። እንዴት ከስታለች። እኛን አይደለም የምታየው፤ በእኔ በኩል ያለውን በር ነው። እኔ ሳመጣው አባባ ሁልጊዜ በዚህ በር ነበር የሚወርደው። መጀመሪያ ዕቃዋን የመኪናው ጣሪያ ላይ ያስቀምጣታል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ያያታል።

እኔ በኋላ እወርዳለሁ። እንካ፣ ዕቃዋን አንተ ያዛት፣ በሁለት እጅህ። ስትከፍትልህ ምንም እንዳትላት። ዕቃዋን ያለ አባባ ስታያት ታውቃለች፤ መርዶውን አንተ አትናገረውም። ታልቅስ፣ ዝም ብለህ ቁም። አልቅሳ ሲወጣላት ሽቦውን ትፈታለች፣ ቅቤውን ታሸትታለች፣ ማን እንደመረጠውም ይገባታል። ከዚያ በሦስት ጣቷ ትቆነጥራለች። ፀጉርህን ትናንት እንደተስተካከልክ አውቃለሁ። ዝቅ በልላት።